የእድሳት ሰዓቱን ያለፈ የአውሮፕላን ፒስተን ሞተር እንዴት ይያዛል? ዝርዝር መመሪያ

በሎግቡኩ (በሞተሩ የበረራና የጥገና መዝገብ) ላይ የሞተሩ ሰዓት 2,000 ሊሞላ ሲቃረብ የትንሽ አውሮፕላን ባለቤት ልብ ለሁለት ይከፈላል። ትናንት ሲሠራ የዋለ፣ ዘይት የማያባክን፣ ድምፁም ያልተለወጠ ሞተር ቁጥር ስለሞላ ብቻ ይውረድ ሲባል አይዋጥለትም፤ አምራቹ የጻፈውን ሰዓት አልፎ ቤተሰቡን አሳፍሮ መነሣት ደግሞ እግዚአብሔርን መፈታተን ይመስለዋል። ሞተር የተመከረለትን ሰዓት አልፎ በደህና ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ፈቃድ የሚገኘው ለዓመታት ከተጻፈ መዝገብ ነው እንጂ ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ከሚደረግ አንድ ፍተሻ አይደለም። በ1,990ኛው ሰዓት ላይ የተለካ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የታመቀ አየር የመያዝ አቅሙ) ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ካለፉት አምስት ዓመታት ልኮች ጎን ሲቀመጥ ግን ሞተሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ሞተራቸው ገና 1,200 ወይም 1,500 ሰዓት ላይ ያለ ሰዎች ይህን ሥራ ዛሬውኑ ቢጀምሩት ይበልጥ ይጠቀማሉ።

ለምሳሌነት የምወስደው ላይኮሚንግ የተባለው አምራች የሚሠራውን ኦ-320 ሞተር ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተኙ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ እንደ ዓይነቱ 150 ወይም 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለዓመታት ሴስና 172 በተባለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ቆይቷል። ኮንቲኔንታል የተባለው የሌላ አምራች ሞተር ያላቸው አንባቢዎች የሚለዩበትን ቦታ በየመንገዱ አመለክታለሁ።

ከመፍቻው በፊት ሕጉ

በሁለት እድሳቶች መካከል እንዲቆይ የተመከረውን ጊዜ ባለሙያዎች በአጭሩ ቲቢኦ ይሉታል። ላይኮሚንግ ለአብዛኞቹ የኦ-320 ዓይነቶች ያስቀመጠው 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። በአሜሪካ ሕግ ክፍል 91 ሥር ለግል ለሚበር አውሮፕላን ይህ ቁጥር ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። በክፍል 135 ሥር ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ ለሚያጓጉዝ ድርጅት ግን የጸደቀለት የጥገና ፕሮግራም ያስረዋል። በሌሎች አገሮች ደንቡ ይለያያል፤ አውሮፕላኑ በኢትዮጵያ የተመዘገበ ከሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀለት የጥገና ፕሮግራም ስለሆነ፣ በዚያ ውስጥ ቲቢኦው አስገዳጅ ሆኖ ከተጻፈ የዚህ መመሪያ ፍተሻዎች ሞተሩን በደንብ ለመያዝ ይጠቅማሉ እንጂ ሰዓት ለማስረዘም ፈቃድ አይሰጡም።

በየትኛውም አገር የማይታለፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በአምራቹ መመሪያ የአየር ብቁነት ገደብ ምዕራፍ ውስጥ የተጻፈ የዕቃ መለወጫ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ኤዲ ተብሎ የሚታወቀው የአየር ብቁነት ትእዛዝ ነው። ለምሳሌ በብዙ የላይኮሚንግ ሞተሮች የዘይት ፓምፕ ውስጥ የነበሩትን አንዳንድ አሮጌ ጥርሶች (ባለ ጥርስ መዘውሮች) እንዲለወጡ ያዘዘው ኤዲ 96-09-10 ሞተሩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢመስል አይደራደርም።

ላይኮሚንግ ራሱ፣ ሥራ ከገባ ጀምሮ በወር 40 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ለሚበር ሞተር በቲቢኦው ላይ 200 ሰዓት እንዲጨመር ይፈቅዳል። አዘውትሮ የሚሠራ ሞተር ቆሞ ከሚውለው ይልቅ ዕድሜው እንደሚረዝም አምራቹ አምኗል ማለት ነው። የሚቀጥለው ደረጃ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የሞተሩን ታሪክ አንብቡ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ሎግቡኮቹ ናቸው። ከመጨረሻው እድሳት ጀምሮ ሞተሩ በየዓመቱ ስንት ሰዓት እንደበረረ በተርታ ጻፉ። በየዓመቱ 150 ሰዓት እየበረረ 2,000 የደረሰ ሞተርና በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እየቆመና እየተነሣ እዚያው የደረሰ ሞተር በቁጥር እኩል ናቸው፤ በጤና ግን አይገናኙም። በላይኮሚንግ ውስጥ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ዋና ዘንግ) በላይ ስለተቀመጠ፣ አውሮፕላኑ ለሳምንታት ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ተንጠፍጥፎ ይወርድና ብረቱ ለእርጥበት ይጋለጣል። የዛገው ፊት በኋላ ሲሠራ እየተላጠ ይሄዳል። በኮንቲኔንታል ካምሻፍቱ ከታች በመሆኑ ይህ ችግር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በባሕር ዳርቻ ያለ ሃንጋር ውስጥ ለሁለት ዓመት የቆመ ሞተር ሰዓቱ 900 ቢሆንም፣ አዘውትሮ ከሚበር የ2,300 ሰዓት ሞተር ይልቅ እኔ እርሱን እፈራለሁ።

ፕሮፔለሩ መሬት ወይም ሌላ ነገር መትቶ ከሆነ መቼ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንደተሠራ ፈልጉ። በላይኮሚንግ ላይ ኤዲ 2004-10-14 ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ በክራንክሻፍቱ ጀርባ ያለው ጥርስና ማሰሪያው እንዲመረመሩ ያስገድዳል። የምርመራው ወረቀት ካልተገኘ ቲቢኦውን የማለፍ ሐሳብ እዚሁ ላይ ይቁም። ሲሊንደሮች ወርደው ከነበረም ስንተኛው፣ መቼና ለምን እንደወረደ መዝግቡ።

ደረጃ 2፦ ዘይቱን ጠይቁት

ስለ ሞተር ውስጠኛው ክፍል አብዝቶ የሚናገረው ዘይቱ ነው። ላይኮሚንግ የዘይት ፊልትሮ ላለው ሞተር በየ50 ሰዓቱ፣ የወንፊት ማጥለያ ብቻ ላለው በየ25 ሰዓቱ፣ በሁለቱም ግን አራት ወር ሳያልፍ ዘይት እንዲለወጥ ይመክራል። ቲቢኦውን ላለፈ ሞተር እኔ ፊልትሮ ያለውንም ከ25 እስከ 35 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲለወጥ አደርጋለሁ፤ የማገኘው ትልቁ ጥቅም ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ የመክፈት አጋጣሚ ነው።

ፊልትሮውን ሳይከፍቱ መጣል የታማሚን የላቦራቶሪ ውጤት ሳያነቡ እንደመቅደድ ይቆጠራል። ቆርቆሮውን በብረት መጋዝ አትክፈቱት፤ መጋዙ ራሱ የሚያራግፈው ብናኝ ከሞተሩ ከመጣው ጋር ይቀላቀላል። ለዚሁ የተሠራ መቁረጫ አለ፤ እንደ ጣሳ መክፈቻ ዙሪያውን እየዞረ ያለ ብናኝ ይቆርጣል። ከዚያ ወረቀቱን ከማዕከሉ በስለት ለዩት፣ እጥፋቶቹን እንደ አኮርዲዮን ዘርጉ፣ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁ፣ በፀሐይ ብርሃንም እያዘነበላችሁ እዩት። ጥቁር ፍርፋሪ ስታገኙ በጥፍር ጫኑት፤ ከደቀቀ ከሰል ነው፣ አያስጨንቅም። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ማግኔት አስጠጉለት። ማግኔት የሚስበው ከካምሻፍት፣ ከታፔት (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ቫልቩ ከሚያስተላልፈው ዕቃ)፣ ከጥርሶች ወይም ከሲሊንደር ግድግዳ የመጣ ብረት ነው። የማይስበው አሉሚኒየም ከሆነ ከፒስተን ወይም ከፒስተን ፒን ጫፍ መክደኛ፣ የነሐስ ቀለም ካለው ከቡሽንግ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን በንጹሕ ቤንዚን አጥባችሁ እጥበቱን በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉት፤ በወረቀቱ ላይ የቀረውን ፎቶ አንሥታችሁ ቀንና ሰዓት ጻፉበት። በሁለት ተከታታይ ለውጦች መካከል ብረቱ መብዛቱን ወይም መቀነሱን ለማወቅ ከትዝታ ይልቅ ፎቶ ይታመናል።

አንድ ጊዜ በረዳትነት በሠራሁበት ሃንጋር ውስጥ የገጠመኝን አልረሳውም። ሞተሩ 1,700 ሰዓት ያህል ነበረው፤ ከዚያ በፊት ግን ለሁለት ክረምት ቆሞ ነበር። በዓመታዊ ፍተሻው የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ከ75 በላይ ሲወጣ ባለቤቱ እጅግ ተደሰተ። ፊልትሮውን ስከፍተው ግን በእጥፋቶቹ ጥግ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሱ፣ አንድ ፊታቸው የለሰለሰ ሌላው የሻከረ ጥቃቅን ቅርፊቶች አገኘሁ፤ ሁሉም ተያይዘው ማግኔቱ ላይ ተለጠፉ። ሞተሩ ተፈትቶ ሲታይ ከካምሻፍቱ ጉብታዎች አንዱ ጫፉ ተበልቶ ክብ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ኮምፕሬሽኑ አልዋሸም፤ ስለ ካምሻፍት የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው ዝም ያለው።

ከዚህ ጋር በእያንዳንዱ ለውጥ ከሞቀው ዘይት፣ መፍሰስ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ ከመሃሉ ናሙና ተቀድቶ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ላቦራቶሪ አይቀያየር። ውጤቱ በሚሊዮን ክፍል ይሰጣል። የብረት መጨመር ካምሻፍትንና ሲሊንደርን፣ የክሮሚየም መጨመር ፋሻን (በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት) ወይም በክሮም የተለበጠ ሲሊንደርን፣ የሲሊከን መጨመር ደግሞ በአየር ማጣሪያው በኩል የገባ አቧራን ያስጠረጥራል። እርሳሱ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል፤ 100ኤልኤል የተባለው ነዳጅ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊይዝ ስለሚችል ከዚያ የመጣ ነውና አያስደነግጥ። ላቦራቶሪው የሚያየው በጣም የደቀቀውን ብረት ብቻ ነው፤ ትልልቁን ቅርፊት የሚይዘው ፊልትሮው ስለሆነ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

የዘይት ፍጆታንም በየበረራው መዝግቡ። ላይኮሚንግ የሚፈቅደው ከፍተኛ ፍጆታ ለ160 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሲሰላ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ በጣም ሰፊ ወሰን ነው። ለስድስት ወይም ለሰባት ሰዓት አንድ ሊትር ሲበላ የኖረ ሞተር በድንገት ለሦስት ሰዓት አንድ ሊትር ከፈለገ፣ ከወሰኑ በታች ቢሆንም ምክንያቱ ይፈለግ።

ደረጃ 3፦ ኮምፕሬሽንና ቦርስኮፕ

የኮምፕሬሽን ልኬት የሚደረገው ሞተሩ በርሮ ከገባ በኋላ ገና እንደሞቀ ነው። ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ በላይኛው ጫፍ ላይ እንዳለ በ80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ሲሊንደሩ መያዝ የቻለው በሁለተኛው ጌጅ ላይ ይነበባል። አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ፕሮፔለሩን በኃይል ሊያዞረው ስለሚችል አንድ ጠንካራ ሰው ፕሮፔለሩን አጥብቆ ሳይይዝ ቧንቧው አይከፈት፤ የማግኔቶ (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያመነጨው ዕቃ) ቁልፉ መዘጋቱም ሁለት ጊዜ ይረጋገጥ። በዚህ ሥራ እጁን ያጣ ሰው አለና ማንም አይቸኩል።

በላይኮሚንግ መመሪያ ሁሉም ከ70 በላይና ተቀራራቢ ከሆኑ ሲሊንደሮቹ ደህና ናቸው። ከ60 በታች የወረደ ወይም ከሌሎቹ ከ15 በላይ የራቀ ሲሊንደር ሊወርድ እንደሚችል ይታሰብ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን አይውረድ። ጥቂት ሰዓት በርሮ እንደገና ይለካ፤ ፋሻዎች በመዞር ላይ እያሉ ክፍተቶቻቸው ተሰልፈው ልኩን ለአንድ ቀን ሊያወርዱት ይችላሉ። ኮንቲኔንታል ደግሞ የዕለቱን ዝቅተኛ ወሰን በራሱ መለኪያ አስቀድሞ እንዲወጣ ያዛል፤ ወሰኑ ብዙ ጊዜ በ40ዎቹ ውስጥ ስለሚወድቅ በላይኮሚንግ ዓይን አይታይ።

ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ ጆሯችሁን ስጡ። አየሩ በጭስ ማውጫው የሚያፏጭ ከሆነ የሚያፈሰው የጭስ ቫልቩ ነው፤ በካርቡሬተሩ በኩል ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ ነው፤ በዘይት መሙያው ከተሰማ በፋሻዎቹ በኩል አልፏል። በፋሻ በኩል የሚያልፍ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። በጭስ ቫልቭ በኩል የሚያልፍ ግን ቫልቩን እያቃጠለ ሊሰብረው ስለሚችል በቸልታ አይታይም።

ቀጥሎ በላይኛው ካንዴላ ቀዳዳ ቦርስኮፕ (በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ካሜራ) አስገብታችሁ የጭስ ቫልቩን ፊት እዩ። ጤነኛ ቫልቭ ከመሃል ወደ ዳር ቀለሙ በክብ በክብ እኩል እየተለወጠ ይሄዳል። ሊቃጠል የጀመረ ቫልቭ ግን ቀለሙ ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ እሳቱ ወደ አንድ ጎን ያመዘነበት ምጣድ እንጀራውን በዚያ በኩል ብቻ እንደሚያሳርር ሁሉ፣ በዳሩ ላይ እንደ ጨረቃ ጠርዝ ያለ የተለየ፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ምልክት ይታያል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ኮምፕሬሽኑ 72 ቢነበብም ሲሊንደሩ መታከም አለበት። የሲሊንደሩን ግድግዳም ለጭረትና ለዝገት ነጥብ ተመልከቱ፤ ሥዕሉን በሲሊንደር ቁጥርና በሰዓት ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ። ከቲቢኦ በኋላ ይህን በየ100 ሰዓቱ መድገም ከባድ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ቫልቭ መሪዎችና ካምሻፍት

ላይኮሚንግ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተንገጫግጮ ከዚያ ከተስተካከለ፣ አንድ የጭስ ቫልቭ በመሪው (ቫልቩ በሚንሸራተትበት ቱቦ) ውስጥ በከሰልና በእርሳስ ዝቃጭ ተይዞ እየተጣበቀ ሊሆን ይችላል። «ሲሞቅ ይተዋል» ብሎ መብረር አደገኛ ነው፤ ቀን ቆጥሮ ሙሉ በሙሉ ሲጣበቅ የመግፊያ ዘንጉን ሊያጣምመው ይችላል። በመሪው ውስጥ ያለውን ክፍተት የመለካቱ ዘዴ በላይኮሚንግ ሰርቪስ ቡለቲን (የአምራቹ የጥገና ማሳሰቢያ) 388 ተጽፏል። ሲሊንደሩን ሳያወርዱ መሪውን መጥረግም ይቻላል።

የካምሻፍቱን ሁኔታ ለማወቅ የሮከር ክዳኖቹን አንሥታችሁ ፕሮፔለሩ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ ስንት እንደሚወርድ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። የአራቱን የጭስ ቫልቮች እርስ በርስ፣ የአራቱን የማስገቢያ ቫልቮችም እርስ በርስ አወዳድሩ። አንዱ በግልጽ ካነሰ ጉብታው ወይም ታፔቱ ተበልቷል። በአብዛኞቹ ኦ-320ዎች ታፔቶቹ የእንጉዳይ ቅርጽ ስላላቸው ክራንክኬዙ (ክራንክሻፍቱን የያዘው የሞተሩ አካል) ለሁለት ሳይከፈት አይወጡም፤ ስለዚህ ይህ ግኝት በተግባር የእድሳት ውሳኔ ነው። ኦ-320-ኤች የተባለው የሞተሩ ቤተሰብ ታፔቶች ግን ከውጭ ሊወጡና በዓይን ሊታዩ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ በሞተሩ ላይ የተሰቀሉት

የሞተሩን ሰዓት ማርዘም የተሰቀሉበትን ዕቃዎች ሰዓት አያረዝምም። ማግኔቶዎች በየ500 ሰዓቱ ተፈትተው ይመርመሩ። የዘይትና የነዳጅ ላስቲኮች፣ የሞተር መቀመጫ ጎማዎች፣ የቫኪዩም ፓምፕና ካርቡሬተር እያንዳንዳቸው በራሳቸው አምራች ጊዜ ይያዙ። የጭስ ማውጫው ሳይለንሰር ለብቻው ይጠቀስ፤ በሴስና 172 የጓዳው ማሞቂያ አየር የሚሞቀው በእርሱ ዙሪያ ስለሆነ፣ ስንጥቅ ካለው የተቃጠለ ጋዝ ወደ አብራሪው ይገባል።

ደረጃ 6፦ አበራረሩ

ከመፍቻ ይልቅ የሞተርን ዕድሜ የሚወስነው የአብራሪው እጅ ነው። የሲሊንደር ራስ ሙቀት የተፈቀደው ጣሪያ በላይኮሚንግ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆንም፣ ለረጅም ዕድሜ ከ204 በታች ይያዝ። ዘይቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ መቆየት አለበት፤ በዘይቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ የሚተነው ያኔ ነው። አውሮፕላኑን መሬት ላይ አስነሥቶ ለአሥር ደቂቃ አሙቆ ማጥፋት ጥቅም ያለው ይመስላል፤ እውነቱ ግን ውኃ እየጨመረ ሳያተነው ስለሚቀር ጉዳቱ ያመዝናል። መብረር የማይቻል ከሆነ ጨርሶ አለማስነሣት ይሻላል፤ ከወር በላይ የሚቆም ከሆነም በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለማቆየት ይዘጋጅ።

ሙሉ ኃይል ላይ የሚነበበውን የዙር ብዛት ስትመዘግቡ ቦታውን አብራችሁ ጻፉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ እዚያ የተነበበ ዝቅተኛ ዙር የሞተር ድካም ሳይሆን የቦታው ጠባይ ነው። የሚወዳደረው ቦሌ ከቦሌ ጋር ነው።

ከቲቢኦ በኋላ የበረራውን ዓይነት መምረጥም ተገቢ ነው። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ በሌሊት በተራራ ላይ ማቋረጥ ለማንኛውም ሞተር ከባድ ጥያቄ ነው፤ ላረጀው ሞተር ይህ ጥያቄ ባይቀርብለት እመርጣለሁ።

ደረጃ 7፦ ያልታመመውን አትክፈቱ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ለእንግሊዝ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ዕዝ ሲሠራ፣ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹ ያልታሰበ ብልሽት ከመደበኛው የ50 ሰዓት ፍተሻ በኋላ ወዲያው እንደሚጨምርና ከዚያ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስተዋለ። ፍተሻው ራሱ ጤነኛውን እያወከ ነበር። ይህ በኦ-320 ላይ ጎልቶ የሚታየው በሲሊንደር ማውረድ ነው። የሲሊንደሩን እግር ከሚይዙት ብሎኖች አንዳንዶቹ ክራንክኬዙን ከዳር እስከ ዳር አልፈው ሁለቱን ግማሾች የሚያጣብቁ ናቸው። እነርሱ ሲፈቱ የክራንክሻፍቱ ዋና ሼሎች (ዘንጉ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ከቦታቸው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ፤ ሲመለሱ በትክክለኛው ቅባትና በትክክለኛው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ካልታሰሩ፣ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ቀለም ከቀረ፣ ማሰሪያው በኋላ ይላላል። አንድ ሲሊንደር ይውረድ ሲባል በቂ ማስረጃ የምጠይቀው ለዚህ ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ አውርዶ «ከላይ ማደስ» ደግሞ የግድ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ደረጃ 8፦ መቼ ይቁም?

ውሳኔው አስቀድሞ፣ ልብ ሳይሳሳ ተጽፎ ይቀመጥ። በክራንክኬዙ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ በፊልትሮው ውስጥ የማግኔት ብረት ከአንዱ ለውጥ ወደ ሌላው ከበዛ፣ ጌጁ ትክክል መሆኑ ተረጋግጦ የሞቀ ሞተር የዘይት ግፊት እየወረደ ከሄደ፣ የቫልቭ አወራረድ ከተለያየ፣ ወይም ፕሮፔለር ከተመታ ሞተሩ ይውረድ። ብረቱ እንደ ቁራጭ ሆኖ ከተገኘ ወደ ቤት የሚያደርስ አንድ በረራ እንኳ አይፈቀድ፤ አውሮፕላኑ ባለበት ይቁም።

ሞተሩ ወርዶ ወደ እድሳት ሲላክ የዘይት ላቦራቶሪ ውጤቶቹን፣ የቦርስኮፕ ሥዕሎቹን፣ የኮምፕሬሽን ተርታውንና ከመጨረሻው ፊልትሮ የተሰበሰበውን ብናኝ በትንሽ ጠርሙስ አድርጋችሁ አብራችሁ ላኩ። ሲሊንደሮቹንና ታፔቶቹን ከየትኛው ቦታ እንደወጡ ቁጥር እየለጠፉ እንዲያወጧቸው ጠይቁ፤ ሞተሩ ሲከፈትም በቦታው ተገኝታችሁ መዝገባችሁ የገመተውን ከብረቱ ጋር አስተያዩ።